የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ጡረታና የሕክምናው ዋስትና

ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ወደ ጎርጎራ የምትዘልቀው የጣና ጀልባ ነጋዴውን ከነሸቀጡ፣ ካህኑን ከነመጽሐፉ፣ ሕመምተኛውን ከነአስታማሚው ስታመላልስ በኖረችበት በዚያው የውኃ መንገድ የሰሜን አቸፈርን ልጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት ስታደርስ ኖራለች፤ ከእነዚያም ልጆች አንዳንዶቹ ተመርቀው በዚያው በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይም ጸሐፊ ሆነው ሲቀጠሩ፣ በቁንዝላ የቀሩት ወላጆች «ልጃችን የመንግሥት ሰው ሆነ፤ እንግዲህ ለእርጅናውም አናስብ» ብለው ያመሰግናሉ። ምስጋናው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ይህ ወላጆች በሙሉ ልብ የሚታመኑበት ዋስትና ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ስንት እንደሚከፍልና የት ላይ እንደሚያበቃ ወላጆቹ ቀርቶ ዋስትናው የተገባለት ሠራተኛ ራሱ ጠንቅቆ የሚያውቀው ዕድሜው ወደ 60 ሲቃረብ፣ ብዙውም ነገር ሊታረም በማይችልበት ጊዜ ነውና፣ ይህን ተቋም ከነጓዳው ለአንባቢ ማስተዋወቅ የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል።

በቀድሞው ዘመን ያረጀ አገልጋይ የሚጦርበት ሥርዓት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ መኳንንቱ በጉልታቸው፣ ገበሬው በልጆቹ፣ ወራሽ የሌለውም ከጣና ደሴቶች በአንዱ ቆብ ደፍቶ በማኅበረ መነኮሳቱ ማዕድ ይጦር ነበር። የደመወዝተኛው ነገር ግን የተለየ ነበር፤ ደመወዙ ከቆመ ዕለት ጀምሮ ርስት የሌለው ባዶ እጁን የሚቀር በመሆኑ፣ የመንግሥቱ ጽሕፈት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ የእርሱን እርግና የሚመለከት ሕግ ማውጣት ግዴታ ሆነ። ጀርመኖች ይህንኑ ጥያቄ የሕመም መድንን በ1883፣ የእርጅና ጡረታን በ1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሕግ በማቆም በቻንስለሩ በቢስማርክ ዘመን መልሰውት ነበር። በእኛ አገር የመንግሥት አገልጋዮች ጡረታ በ1953 ዓ.ም. በዲክሪ፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተደነገገ፤ ይኸውም በባሕር ዳር በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በተቋቋመበት በዚያው ዘመን መሆኑ ለባሕር ዳር ሰው የሚያስደስት አጋጣሚ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የመምህራን ትምህርት አካዳሚው ተጨመረ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ አንዱን «ፖሊ» ሌላውን «ፔዳ» እያለ የሚጠራቸው እነዚህ ሁለቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን አስገኙ። የጡረታው ሕግም በየዘመኑ ተሻሽሎ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 714፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 እንደ አዲስ ተጽፏል።

ሕጉ በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ውስጥ ሲገባ ፕሮፌሰሩን ከዘበኛው፣ የክፍሉን ኃላፊ ከተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ አይለይም፤ ሁሉንም በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሲሆን፣ የሚጠይቀውም ሠራተኛው በቋሚነት መቀጠሩን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ በኮንትራት ለዓመታት ያገለገለ ሰው፣ ሥራው ከቋሚው ሠራተኛ ሥራ ባያንስም፣ የጡረታ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቋሚ ከሆነ ግን በየወሩ ከመደበኛ ደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል። እንግዲህ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው በፔሮሉ ላይ 700 ብር ሲቆረጥ አይቶ ቢያዝንም፣ በስሙ የሚገባው መዋጮ 1,800 ብር መሆኑን ልብ ሊለው ይገባል። ጥንት የሠራተኛው ድርሻ 4፣ የመንግሥቱ 6 በመቶ ስለ ነበረ፣ ጭማሪው ቀላል አይደለም።

አንድ ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላውና ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ሲገኝ የአገልግሎት ጡረታ አበል እስከ ዕለተ ሞቱ ይከፈለዋል። ስሌቱ የሚጀምረው ከመውጣቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ከተከፈለው ደመወዝ አማካይ ነው፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት የዚህ አማካይ 30 በመቶ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይታከልለታል፣ የአበሉም ጣሪያ 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያስተማረ፣ የመጨረሻ ደመወዙ አማካይ 10,000 ብር የሆነ መምህር ብናስብ፣ 30 በመቶው ላይ የ20 ዓመቱ 25 በመቶ ተጨምሮ አበሉ በወር 5,500 ብር ይሆናል ማለት ነው። ወደ ጣሪያው ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋልና፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪውን ፈጽሞ ዘግይቶ በቋሚነት የሚቀጠር መምህር 70 በመቶውን የሚያየው በሕግ መጽሐፍ ላይ ነው፤ በ18 ዓመቱ የተቀጠረ የጥበቃ ሠራተኛ ግን በ60 ዓመቱ በትክክል ይደርስበታል። የትምህርት ብዛት ጡረታን የሚያሳንስበት ይህ አንድ ቦታ ሳያስገርም የሚቀር አይመስለኝም።

ከዚህም በላይ ለዩኒቨርሲቲ ሰው የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። ሕጉ ደመወዝ የሚለው ለመደበኛው የሥራ ሰዓት የሚከፈለውን ብቻ እንጂ የቤት አበሉን፣ የኃላፊነት አበሉን፣ በቅዳሜና እሑድ ወይም በማታው መርሐ ግብር በማስተማር የሚገኘውን ክፍያ አይደለም። መምህሩ ቤቱን የሚያስተዳድረው፣ ልጆቹን የሚያስተምረው፣ በቁንዝላ ለሚኖሩት እናቱም በየወሩ የሚልከው በአብዛኛው ከእነዚህ ተጨማሪዎች በመሆኑ፣ ጡረታ በወጣ በማግስቱ ገቢው የሚወርደው ስሌቱ በሚነግረው መጠን ብቻ ሳይሆን ከዚያ እጅግ ባለፈ ነው። ስለዚህ «55 በመቶ ይደርሰኛል» ብሎ የሚያሰላ ሰው የየትኛውን ገንዘብ 55 በመቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አበሉም እንደ ገበያው ዋጋ በየወሩ የሚያድግ ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔ ሲሻሻል ብቻ የሚጨምር መሆኑን አይርሳ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ይኸውም የጡረታ ሥራ የሚፈጸመው በመጨረሻው ዕለት ሳይሆን በመጀመሪያው ዕለት መሆኑ ነው። ሠራተኛው ሲቀጠር በዛሬ አጠራሩ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ አንጋፋዎቹ ግን አሁንም «ፐርሶኔል» በሚሉት ክፍል ተቀምጦ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይሞላል፤ ስሙን ከነአያቱ፣ የተወለደበትን ቀን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ ልጆቹንና ወላጆቹን ይጽፋል። ወጣት ነው፣ ደስ ብሎታል፣ የመጀመሪያ ደመወዙን እንጂ እርጅናውን አያስብም፤ በጥድፊያ ሞልቶ ፈርሞ ይወጣል። ያ ወረቀት በግል ማኅደሩ ውስጥ 35 ዓመት ተኝቶ ቆይቶ ሲነሣ ግን ዳኛ ይሆንበታል። የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው በመጀመሪያው ቅጥር ጊዜ በተመዘገበው ዕድሜ ነውና፣ በኋላ የሚቀርብ ሌላ ማስረጃ አያስለውጠውም።

ይህ ድንጋጌ በከተማ ሆስፒታል ተወልዶ የልደት ወረቀት ለተሰጠው ሰው ምንም አይደለም፤ በሐይቁ ዳር ለተወለደው የቀድሞ ትውልድ ግን ብርቱ ነገር ነው። እናት የልጇን ልደት የምታስታውሰው «በኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ ውኃው መሬቱን ለቅቆ ሰው ደለሉን ሲዘራ ነው» ብላ ሲሆን፣ ክርስትና የተነሣበት 40ኛው ቀን በነፍስ አባቱ ልብ እንጂ በመዝገብ አልተጻፈም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ዳይሬክተሩ በቁመቱ ገምቶ ዕድሜ ሰጠው፤ በ8ኛ ክፍል ፈተና ጊዜ ሌላ ተጻፈለት፤ ሲቀጠር ደግሞ የበሰለ ለመምሰል ሁለት ዓመት ጨመረ እንበል። እነዚያ በቀላሉ የተጨመሩ ሁለት ዓመታት ከሙሉ ደመወዙ ሁለት ዓመት አስቀድመው ያስወጡታል፣ ከስሌቱም 2.5 በመቶ ይቀንሱበታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሥራ ስለ ጀመረ ለዛሬ ሕፃናት ነገሩ ይቃለላል፤ አሁን በዩኒቨርሲቲው በማገልገል ላይ ላሉት ግን የቀድሞው ቀለም የጻፈው እንደ ጻፈ ነው።

የዚያው ወረቀት ሁለተኛው ፍርድ የሚገለጠው ሠራተኛው ሲሞት ነው። ሕጉ ሟች ትቷቸው የሚሄዳቸውን የአበሉ ተቀባዮች «ተተኪዎች» ይላቸዋል፤ እነርሱም የትዳር ጓደኛ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ እንዲሁም በሟች ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆች ናቸው። የትዳር ጓደኛው ሟች ይቀበል ከነበረው ወይም ሊቀበል ይገባው ከነበረው አበል 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ እያንዳንዱ ወላጅ 15 በመቶ ይደርሳቸዋል። ያ አበሉ 5,500 ብር የነበረው መምህር ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና ቁንዝላ ያሉትን እናቱን ትቶ ቢያልፍ፣ ለሚስት 2,750፣ ለልጆቹ በነፍስ ወከፍ 1,100፣ ለእናት 825 ብር ይታሰባል፤ ሲደመር ግን 5,775 ብር፣ ማለትም ከአበሉ 275 ብር በልጦ ስለሚገኝ፣ ትርፉ ከእያንዳንዳቸው በየድርሻቸው መጠን ይቀነሳል። በጣና ዳር ያሉ ብዙ እናቶች ከልጃቸው ጡረታ ላይ እንዲህ ያለ ድርሻ እንዳላቸው አያውቁም፤ ምራታቸውም ብትሆን አታውቀውም ይሆናል።

ማወቁ ብቻ ግን አይበቃም፤ ማስረዳት ያስፈልጋል። በቅጹ ላይ የእናቱን ስም በክርስትና ስማቸው የጻፈ ልጅ፣ እናት በቀበሌው መታወቂያ በዓለም ስማቸው የተጻፉ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲያስመሰክሩ ያስገድዳቸዋል። በሽማግሌ ፊት ተጋብታ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቆርባ 20 ዓመት በትዳር የኖረች ሴት በማኅደሩ ውስጥ «ያላገባ» የሚል ቃል ሳይታረም ቢገኝ፣ ሐዘኗን ሳትጨርስ ምስክር ፍለጋ ትዞራለች። ጡረታ እንደ ውርስ በኑዛዜ የሚተላለፍ ሀብት አይደለምና፣ ሟች በመጨረሻው ሰዓት «ጡረታዬ ለእገሌ ይሁን» ቢል ቃሉ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው በጤናው ጊዜ በማኅደሩ ያሰፈረው ነው።

በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትም ራሱን የቻለ ዋስትና አለው። ለዓሣ ወይም ለውኃ ጥናት ወደ ሐይቁ የተላከ ተመራማሪ በጀልባ አደጋ ቢጎዳ፣ ወይም ሠራተኛው መሥሪያ ቤቱ በመደበው ማመላለሻ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ አደጋ ቢደርስበት፣ ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ይቆጠራል፤ ለመሥራት የማያስችለውም ሆኖ ከተገኘ፣ 10 ዓመት አገልግሏል ወይስ አላገለገለም ሳይባል የደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ ይከፈለዋል። ከሥራ ያልመጣ ሕመም ከሥራ ሲያስወጣ ግን የሚጠየቀው እንደገና የአገልግሎቱ ዘመን ነው።

የቀረውን ባጭሩ ለመናገር፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከ55 ዓመቱ ጀምሮ በፈቃዱ ጡረታ ሊወጣ ይችላል፤ ወደ ግል ኮሌጅ የተሻገረ መምህር የመንግሥት አገልግሎቱ ከግሉ ጋር ይታሰብለታል፤ 60 ዓመት የሞላውና በቦታው የሚሠራ ሌላ ሰው ያልተገኘለት ምሁር ደግሞ ፈቃደኛ ሲሆን፣ ጤንነቱ በሐኪም ሲረጋገጥና የሚመለከተው ባለሥልጣን ሲፈቅድ ለአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት፣ በጠቅላላው ከ10 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ አገልግሎቱ ይራዘምለታል። ይህ የመጨረሻው ለዩኒቨርሲቲ ትልቅ ነገር ነው፤ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን የሚያማክር ሽማግሌ መምህር በአንድ ቀን የሚተካ አይደለምና።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሚሠራ ሥርዓት ነው። የሕክምናው ነገር ግን ከዚህ ጋር አይተካከልም። ሰው ሲያረጅ ገቢው ሲቀንስ ሕመሙ ይጨምራልና፣ አስተዋይ ሕግ ሁለቱን አንድ ላይ ያስባቸዋል፤ የእኛም ሕግ አውጪዎች አስበዋቸው ነበር። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ደመወዝተኛውና ጡረተኛው ከነቤተሰባቸው በአንድ የጤና መድን ሥር እንዲገቡ ደንግጓል፤ ደንብ ቁጥር 271/2005 ደግሞ መዋጮውን ሲወስን ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ፣ መንግሥትም 1 በመቶ እንዲያዋጡ አለ። ያ 5,500 ብር የሚቀበለው ጡረተኛ መምህር በወር 55 ብር ሰጥቶ ራሱንና የቤቱን ሰዎች ማሳከም ይችል ነበር ማለት ነው። ሁሉም ሕክምና አይካተትም፤ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የውበት ሕክምናና ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና ከሽፋኑ ውጭ ተደርገዋል። የሆነ ሆኖ ለተራው ሕመም፣ ለቀዶ ሕክምናውና ለአልጋው ይበቃ ነበር።

ነበር ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሠራተኞቹ «ከዚህ ከማይበቃ ደመወዝ ሌላ 3 በመቶ ሊቆረጥ ነው» ብለው አጉረመረሙ፤ ሆስፒታሎቹም መድኃኒት በሌለበት መደርደሪያ የመድን አባል ለመቀበል ዝግጁ አልነበሩም፤ ስለዚህ አዋጁ ወጥቶ፣ ደንቡ ጸድቆ፣ ተቋሙ ተመሥርቶ ሥራው ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ኖረ። በዚህ መካከል የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ የሚታመነው በሲቪል ሰርቪስ ሕጉ በተሰጠው የመንግሥት ሆስፒታል ነፃ ሕክምና ነው፤ እርሱም ሐኪሙን ያስገኛል እንጂ ሁልጊዜ መድኃኒቱን አያስገኝም፤ በፈለገ ሕይወት ወይም ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚያስተዳድረው በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የታዘዘለትን ወረቀት ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ የሚወርድ ሠራተኛ ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን የገበሬው ነገር ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገሪቱ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች ሦስቱ በአማራ ክልል ነበሩ፤ እነርሱም ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ናቸው። ደቡብ አቸፈር የቁንዝላ ጎረቤት፣ ፎገራም ከጣና ማዶ የምትገኝ አገር ናት። እንግዲህ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ የአርሶ አደር ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ፣ መክፈል የማይችለውም በወረዳው ተከፍሎለት፣ የአባልነት ደብተሩን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ሲብስም በሪፈር ወረቀት ውል ወዳለው ሆስፒታል ሲሄድ፣ ስለ ጤና መድን ጥቅም የሚጽፈውና የሚያስተምረው ምሁር ያለ መድን ተቀምጧል። ቁንዝላ ያሉት እናት ደብተር አላቸው፤ ባሕር ዳር ያለው መምህር ልጃቸው የለውም። ይህ ድህነት ያመጣው ነው ብዬ አላምንም፤ ገበሬውን ለማሳመን በየቀበሌው የተደከመውን ያህል ደመወዝተኛውን ለማሳመን ባለመደከሙ የመጣ ነው እላለሁ።

በዚህ መካከል ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። በግቢው የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ከወጣትነቱ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ያስቀምጥ፤ የመድን ኩባንያዎች ለቡድን የሚሸጡትን የጤና መድን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይጠይቅ፤ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለስም እንደ ሆነ፣ እንደ ደረሰ ወደ ወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለእርሱና ለቤተሰቡ ምን መንገድ እንዳለ ይረዳ። የሕይወት ታሪክ ቅጹንም ባገባ ጊዜ፣ ልጅ በወለደ ጊዜና ወላጅ በሞተበት ጊዜ ሁሉ አስወጥቶ ያሳድስ፤ የሚፈጀው የአንድ ጥዋት ሥራ ነው።

የጤና መድኑን ሥልጣን የያዙትን ክፍሎች ደግሞ አንድ ነገር እንለምናቸዋለን። ሠራተኛውን ሁሉ በአንድ ቀን ማስገባት ካልተቻለ ከጡረተኛው ይጀመር፤ የሚያዋጣው 1 በመቶ ስለ ሆነ አያጉረመርምም፣ አበሉ የሚታወቅና በየወሩ የሚከፈል ስለ ሆነ መዋጮውን ለመሰብሰብ አያስቸግርም፣ ሕክምናም ከማንም ይልቅ ለእርሱ ያስፈልገዋል። ሕጉ ወጥቷል፣ መቶኛውም ተወስኗል፤ የቀረው መጀመር ነው።